እንግዳ ተለዋዋጭ ኮከብ ስንት ዓመቱ ነው? ከየትስ መጣ? የዘዴዎች ማወዳደሪያ

ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከታወቁት ዓይነቶች ውስጥ አልገባም ያለ ኮከብ አገኛችሁ እንበል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የመረጣችሁት ሊሆን ይችላል። ወይም ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ተራራ ወጥታችሁ በባይኖኩላር ስትከታተሉት የከረማችሁት። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። ዕድሜው ስንት ነው? ከየትስ መጣ?

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሮቹ ግን ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ለአንድ ኮከብ አንዱ ዘዴ 45 ሚሊዮን ዓመት ሲል ሌላው በቢሊዮን ሊቆጥር ይችላል። ተማሪው ደግሞ የቀለለውን ይይዝና ይቀጥላል። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ዘዴዎቹን እናወዳድር፤ የትኛው ለየትኛው ኮከብና ለየትኛው አቅም እንደሚሆንም እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የቱን ዕድሜ ነው የምትፈልጉት?

አንድ ኮከብ ከአንድ በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ከጋዝ ተሰብስቦ ከተወለደ ጀምሮ ያለው ነው። ሁለተኛው አሁን ያለውን መልክ ከያዘ ጀምሮ ያለው ነው። ሁለት አሮጌ ኮከቦች ተዋህደው አንድ አዲስ ኮከብ ቢፈጥሩ፣ ቁሱ 10 ቢሊዮን ዓመት፣ ኮከቡ ግን ጥቂት ሺህ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ሦስተኛው ከተወለደበት ሰፈር ከወጣ ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው።

ለተራ ኮከብ ይሄ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። ለእንግዳ ኮከብ ግን ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። የቱን ዕድሜ እንደምትለኩ ሳትወስኑ ዘዴ አትምረጡ።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ዘዴው ከሦስቱ ዕድሜዎች የቱን ይነግረናል? ሥራ ከመጀመራችን በፊት የኮከቡን ዓይነት ማወቅ ይፈልጋል? ስህተቱ ምን ያህል ይሰፋል? ምን ያህል ዳታና ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይጠይቃል? አምስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ዘዴው ኮከቡ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን እንደኖረ ይገምታል ወይ? እንግዳ ኮከቦች ብዙዎቹ ጓደኛ (አብሯቸው የሚዞር ሌላ ኮከብ) ያላቸው፣ ወይም ጓደኛቸውን የዋጡ ናቸው። ይሄ ግምት ከፈረሰ ቁጥሩም አብሮ ይፈርሳል።

1. በዑደቱ መገመት

በጣም ቀላሉና በጣም አሳሳቹ ዘዴ ይሄ ነው። ሴፊድ የሚባሉት ኮከቦች እያበጡና እየተኮማተሩ ብርሃናቸውን ይለዋውጣሉ። ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 ዑደታቸው የረዘመ ሴፊዶች የበለጠ ደማቅ መሆናቸውን አሳየች። ደማቅ ማለት ከባድ ማለት ነው። ከባድ ኮከብ ደግሞ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ዑደቱ ሲረዝም ዕድሜው ያጥራል። በ2005 የወጣና በሰፊው የሚሠራበት ቀመር የ5 ቀን ዑደት ላለው ሴፊድ ወደ 70 ሚሊዮን ዓመት፣ ለ10 ቀኑ ወደ 45 ሚሊዮን፣ ለ30 ቀኑ ወደ 20 ሚሊዮን ይሰጣል። የኮከቡን ሽክርክሪት የሚያስገቡ ሞዴሎች ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች እስከ እጥፍ ያሳድጓቸዋል።

የሚያስፈልገው የብርሃን መዝገብ ብቻ ነው። ኢታ አኩዊላን ውሰዱ። በ1784 የተገኘ ሴፊድ ነው፤ ዑደቱ 7 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። በዓይን ይታያል። እኛ ዘንድ ከአናት ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ምሽት ላይ ፈልጉት። አጠገቡ ካሉ ኮከቦች ጋር እያነጻጸራችሁ ብርሃኑን በየምሽቱ ብትመዘግቡ ዑደቱን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ዜታ ጄሚኒና ካፓ ፓቮኒስ የሚባሉ ሁለት ኮከቦች አሉ። የመጀመሪያው ዑደት 10 ቀን ከትንሽ፣ የሁለተኛው 9 ቀን ከትንሽ ነው። ሁለቱም በዓይን ይታያሉ፤ ድምቀታቸውም ይቀራረባል። ቀመሩ ውስጥ ብትከቷቸው ሁለቱም 45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወጣሉ። ግን ዜታ ጄሚኒ ወደ 1,200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ካፓ ፓቮኒስ ደግሞ ወደ 600። በእጥፍ ርቀት ላይ ሆኖ እኩል ከደመቀ፣ ዜታ ጄሚኒ በራሱ ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ካፓ ፓቮኒስ ሁለተኛው ዓይነት ሴፊድ ነው፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ትውልዱ ከአሮጌዎቹ ወገን። እዚያም ውስጥ ያፈነገጠ ነው፤ ከጓደኛ ጋር የኖረ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ዎልተር ባድ እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ሲለይ ለአንድሮሜዳ ጋላክሲ ይነገር የነበረው ርቀት በእጥፍ ማደጉን አስቡት። ዓይነትን ማምታታት የሚያስከፍለው ይሄን ያህል ነው።

ሌላም አለ። አርአር ላይራ የሚባሉት ዑደታቸው ከአንድ ቀን በታች ነው፤ በተለምዶ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያረጁ ናቸው ይባላል። በ2012 ግን ተለዋዋጭ ኮከቦችን የሚመዘግበው የኦግል ቡድን መዝገብ ውስጥ መልኩ ቁርጥ አርአር ላይራ የሆነ ኮከብ ተመዘነ። ክብደቱ የፀሐይ 0.26 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛ አርአር ላይራ ከዚህ በእጥፍ በላይ ይከብዳል። ይሄኛው ሰውነቱን ለጓደኛው አስረክቦ፣ እየተሸበሸበ በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሚያልፍ ኮከብ ነበር። የብርሃን መዝገቡ ብቻውን ይሄን በፍጹም አይነግራችሁም።

ፍርዴ ግልጽ ነው። ዑደትን ተጠቀሙ፤ ግን ዓይነቱን በሌላ መንገድ ካረጋገጣችሁ በኋላ።

2. በአብሮ አደጎቹ

ልደታቸው ያልተመዘገበ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ አብሮ አደጎቻቸውን ይጠራሉ። ለኮከብም ይሄው ይሠራል። ኮከቡ የአንድ የከዋክብት ስብስብ አባል ከሆነ ሁሉም አንድ ላይ ተወልደዋል፤ የስብስቡ ዕድሜ የእሱም ነው። ኤም 25 በሚባለው ስብስብ ውስጥ ዩ ሳጂታሪ የተባለ ሴፊድ አለ። ዑደቱ 6 ቀን ከ18 ሰዓት ገደማ ነው። ስብስቡ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ይሄን በባይኖኩላር ከሐረር ዳርቻ ማየት ትችላላችሁ።

የምወደው ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም የልደቱን ዕድሜ ኮከቡ ራሱ ምንም ቢደርስበት ይሰጣችኋል። ኮከቡ ከጓደኛው ቁስ ወስዶ ወጣት ቢመስል እንኳ ስብስቡ ያጋልጠዋል። ችግሩ ከስብስብ ጋር ያሉ እንግዳ ኮከቦች ጥቂት መሆናቸው ነው። አባልነቱም በግምት አይሆንም። የከዋክብትን ቦታና ርቀት የለካው የጋያ መንኮራኩር መዝገብ ውስጥ ገብታችሁ ርቀቱ፣ በሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስበት ፍጥነትና አቅጣጫው ከሌሎቹ ጋር መግጠሙን ማየት አለባችሁ። ሰማይ ላይ አጠገብ ለአጠገብ መታየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

3. በቀለምና በድምቀት

ይሄ መጽሐፍት ሁሉ የሚያስተምሩት ነው። የኮከቡን ሙቀትና እውነተኛ ድምቀት ግራፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ በሞዴል የተሠሩ የእኩል ዕድሜ መስመሮችን ደርባችሁ የትኛው ላይ እንዳረፈ ታያላችሁ። ጋያ በ2013 መጨረሻ ተነሥቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ኮከቦችን ርቀት ስለለካ ነገሩ ቀሏል። ሦስተኛው መዝገብ በ2022 ወጥቷል፤ በነጻ ነው።

ነዳጁን ጨርሶ ማበጥ ለጀመረ ኮከብ ጥሩ ይሠራል። መስመሮቹ እዚያ ላይ ተራርቀው ስለሚሄዱ ነው። ለትናንሽ ኮከቦች ግን መስመሮቹ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ 2 ቢሊዮኑን ከ8 ቢሊዮኑ አትለዩም። ውህደት ለደረሰበት ኮከብ ደግሞ ያሳስታል፤ ሞዴሉ ብቻውን የኖረ ኮከብ ነውና።

ምሳሌው የሰሜን ኮከብ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ሜዳው ላይ ስታዩ ከአድማስ ዘጠኝ አሥር ዲግሪ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። የ4 ቀን ሴፊድ ነው፤ ዕድሜውም 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። በቴሌስኮፕ የሚታይ ጓደኛ አለው። ሁለቱ አብረው የተወለዱ ከሆኑ ዕድሜያቸው አንድ መሆን ነበረበት። በሀብል ቴሌስኮፕ የተለካውን ርቀት፣ 515 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ ከወሰድን ግን ጓደኛው ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያረጀ ይመስላል። ምናልባት ዋናው ኮከብ ከሁለት ኮከቦች ውህደት የመጣ ነው የሚል ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ነው። ጋያ ለጓደኛው የሰጠው ርቀት ደግሞ 447 ገደማ ነው፤ በዚህ ከሄድን ልዩነቱ ይጠባል። ክርክሩ ቀጥሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉን የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሁለት ዘዴ ሲጣላባችሁ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ። ሁለቱም በትክክል ተሠርተው ካልተስማሙ፣ የኮከቡ ታሪክ እዚያ ልዩነት ውስጥ አለ። ወጣት የሚመስል ኮከብ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ከተገኘ አንድ ነገር ደርሶበታል። ምንጩን የምትደርሱበት በዚያ በኩል ነው።

4. መንገዱን ወደኋላ መከተል

ኮከቡ የሚሄድበትን አቅጣጫና ፍጥነት ካወቃችሁ ወደኋላ አስልታችሁ የት እንደነበረ ታያላችሁ። በጣም የሚያምረው ምሳሌ ኤኢ ኦሪጌ ነው፤ ብርሃኑ ያለ ሥርዓት የሚለዋወጥ ትኩስ ኮከብ። ብላውና ሞርጋን በ1954 እሱና ሙ ኮሎምቤ የተባለው ኮከብ ተቃራኒ አቅጣጫ፣ እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኦሪዮን አካባቢ እየሸሹ መሆናቸውን አሳዩ። ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ከሌላ ጥንድ ኮከብ ጋር ተጋጭተው የተወረወሩ ይመስላል።

ልብ በሉ፤ 2.5 ሚሊዮን የጉዞው ጊዜ ነው። ኮከቡ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ሊኖረው አይችልም፤ የበለጠ ግን ሊኖረው ይችላል።

ለአሮጌ ኮከብ ስሌቱ ይደበዝዛል። ፍኖተ ሐሊብን (የእኛን ጋላክሲ) ደጋግሞ የዞረ ኮከብ የት እንደተወለደ በመንገዱ ብቻ አይታወቅም። ያም ሆኖ የምህዋሩ ቅርጽ ወገኑን ይነግራል። ከጋላክሲው ሜዳ ሳይርቅ ክብ ምህዋር የሚዞር ከሆነ ከሜዳው ነው። ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ፣ ሞላላ ምህዋር ያለው ከሆነ ደግሞ ከአሮጌው ውጫዊ ክፍል ነው። ዘዴ 1ን ከማመናችሁ በፊት ይሄን ፈትሹ፤ አንድ ከሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው።

5. በኬሚስትሪው

ብርሃኑን በትኖ ውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ማየት ነው። ብረቱ ያነሰ ኮከብ በጥቅሉ አሮጌ ነው። ሊቲየም በ2.5 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ስለሚቃጠል፣ በትንሽ ኮከብ ላይ ብዙ ሊቲየም መገኘቱ የልጅነት ምልክት ነው። ቲ ታውሪ የሚባሉት፣ ገና እየተሰበሰቡ ያሉ ተለዋዋጮች፣ በዚህ ይለያሉ። አንዳንድ ያረጁ ግዙፎች ግን ራሳቸው ሊቲየም ይሠራሉና ብቻውን አይበቃም።

ዘዴው የሚያበራው ለምንጭ ነው። አር ኮሮና ቦሪያሊስ ከ1795 ጀምሮ የሚታወቅ እንግዳ ኮከብ ነው። በባይኖኩላር ይታይ የነበረው በድንገት ይጠፋል፤ ከስድስተኛ የድምቀት ደረጃ ወደ አሥራ አራተኛ ይወርዳል (ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደክማል)። ከራሱ በወጣ የካርቦን አቧራ ይሸፈናል። በ2007 የጀመረው መሸፈን ዓመታት ወስዷል። ሃይድሮጅኑ ከሞላ ጎደል የለም። ለዚህ ቤተሰብ ሁለት ታሪክ ይነገር ነበር፤ ወይ ሁለት ነጭ ድንክ ኮከቦች (ነዳጃቸውን የጨረሱ ኮከቦች እምብርት) ተዋህደው፣ ወይ አንድ እየሞተ ያለ ኮከብ ለመጨረሻ ጊዜ ሂሊየሙን አቀጣጥሎ። ከቤተሰቡ ቀዝቀዝ ያሉት ላይ ኦክስጅን 18 (ከተራው ከበድ ያለ የኦክስጅን ዓይነት) ከፀሐይ በመቶዎች እጥፍ በዝቶ ሲገኝ ሚዛኑ ወደ ውህደት አጋደለ። ያንን ኦክስጅን ውህደቱ ሊሠራው ይችላል፤ የመጨረሻው ቃጠሎ ግን አይሠራውም። ቀለምና ድምቀት፣ ወይም ዑደት፣ ይሄን ጥያቄ አይመልሱትም ነበር።

ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ስፔክትረም (የተበተነውን ብርሃን) ራስን ችሎ ለማንሳት ትልቅ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። መፍትሔው የተዘጋጁ መዝገቦችን መጠቀም ነው፤ ጋያ፣ ላሞስት፣ አፖጂና ጋላህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች ኬሚስትሪ አላቸው።

6. በንዝረቱ

ኮከብ ውስጥ የሚመላለሰው ድምፅ ላዩን ያንቀጠቅጠዋል። የንዝረቱን ድግግሞሽ በመለካት የውስጡን ክብደትና የተቃጠለውን ነዳጅ ማወቅ ይቻላል። ትክክለኛነቱ ከሁሉም ይበልጣል። በ2018 የተላከው የቴስ መንኮራኩር ኑ ኢንዲ የተባለውን በዓይን የሚታይ ኮከብ ለክቶ፣ በ2020 ዕድሜው 11 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ወጣ፤ ስህተቱ አንድ ቢሊዮን ገደማ ነው። በዚያም ፍኖተ ሐሊብ ሌላ ጋላክሲ የዋጠችበትን ዘመን ለመወሰን ረዳ።

የሚሠራው ንዝረቱ ጥርት ብሎ ለሚታይ ኮከብ ብቻ ነው። የቴስ አንዱ ፒክስል 21 የቅስት ሴኮንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያህል ሰፊ ስለሆነ የጎረቤት ብርሃንም ይደባለቃል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ሽክርክሪትን የሚጠቀም ሰባተኛ ዘዴም አለ። ፀሐይን የሚመስሉ ኮከቦች እያረጁ ሲሄዱ ሽክርክሪታቸው ይዘገያል። ቅርብ ጓደኛ ያለው ኮከብ ላይ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ እምብዛም ነው።

ሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሚነግረው ዕድሜ | ዓይነቱን ቀድሞ ማወቅ | ጓደኛ ካለው | የሚያስፈልገው |
|---|---|---|---|---|
| ዑደት | ልደት፣ በግምት | ግዴታ | ያሳስታል | ስልክ፣ የብርሃን መዝገብ |
| አብሮ አደግ | ልደት | አያስፈልግም | ይሠራል | ላፕቶፕ፣ ጥቂት ሜጋባይት |
| ቀለምና ድምቀት | ልደት | ይጠቅማል | ያሳስታል | ላፕቶፕ፣ ጋያ፣ ሞዴሎች |
| መንገድ ወደኋላ | ከሰፈሩ የወጣበት፤ ወገን | አያስፈልግም | በጥንቃቄ | ላፕቶፕ፣ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም |
| ኬሚስትሪ | ወገን፤ የለውጡ ምክንያት | ይጠቅማል | ይሠራል | የተዘጋጀ ስፔክትረም |
| ንዝረት | ልደት፣ በትክክል | ግዴታ | ያስቸግራል | ጥሩ ኮምፒውተር፣ ጊዜ |

ለየአቅማችሁ

ስልክ ብቻ ላለው፦ ኤኤቪኤስኦ ከ1911 ጀምሮ የአማተሮችን ምልከታ የሚሰበስብ ማኅበር ነው። ድረ ገጹ ላይ የኮከባችሁን የብርሃን ግራፍ በነጻ ታያላችሁ፤ የራሳችሁንም ታስገባላችሁ። ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባ ምልከታ ይጠቅማል፤ አሜሪካ ቀን ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት ነውና። ዕድሜ ለማውጣት ግን አትቸኩሉ። ዑደቱን በደንብ መያዝ ለጊዜው ይበቃል።

ላፕቶፕ ኖሮት ዳታ ለሚቆጥብ፦ ዘዴ 2ንና 4ን ያዙ። ቶፕካት የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር አንዴ ጫኑ። ከጋያ የኮከባችሁን ዙሪያ ብቻ ቁረጡና አውርዱ፤ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ በባትሪ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ነገር እንዳትረሱ፤ ጋያ ውስጥ አር-ዩ-ደብልዩ-ኢ የሚል ቁጥር አለ። ከ1.4 ከበለጠ ወይ ጓደኛ አለ፣ ወይ ልኬቱ ተበላሽቷል። ርቀቱን ከመጠቀማችሁ በፊት ተመልከቱት።

ለመመረቂያ ጽሑፍ፦ ቢያንስ ሁለት ዘዴ ውሰዱ፤ አንዱ ጓደኛ ቢኖር የሚያሳስት፣ ሌላው የማያሳስት ይሁን። ቀለምና ድምቀትን ከኬሚስትሪ ጋር ማጣመር ጥሩ ነው። ስብስብ ውስጥ ያለ ኮከብ ካገኛችሁማ አቦ፣ እሱን እንዳትለቁት። አማካሪያችሁ ንዝረትን ካልሠራበት በአራት ወር ውስጥ አትግቡበት።

ቴሌስኮፕ ለመግዛት ለሚያስብ፦ ለዕድሜ ብላችሁ ከሆነ አትግዙ። ዕድሜ የሚወጣው ከመዝገብ ነው። ለመከታተል ከሆነ ግን ጥሩ ባይኖኩላር ብዙ ያስኬዳል። ቦታም ወሳኝ ነው። ድሬዳዋ ደቡቧ በጋራ የተከለለ ስለሆነ እንደ ካፓ ፓቮኒስ ያሉ ከአድማስ 13 ዲግሪ ብቻ የሚወጡ ኮከቦች ይቸግራሉ። ለደቡብ ሰማይ ወደ ሐረር ከፍታ ውጡ፤ ከከተማው መብራት ራቅ ብላችሁ ወደ ባቢሌ በኩል ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል። ለሰሜኑ የድሬ ሜዳ ይሻላል።

ውጤታችሁን ስትጽፉ አንድ ቁጥር ብቻ አታስቀምጡ። «ከ50 እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት፣ በዑደት፣ ኮከቡ ብቻውን ኖሯል ብለን» ብላችሁ ጻፉ። የትኛው ዕድሜ እንደሆነም ጨምሩበት፤ የልደቱ፣ የለውጡ ወይስ የጉዞው። ነገ አዲስ የጋያ መዝገብ ሲወጣ የሚከተላችሁ ተማሪ ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል።